«የመረጥኩህ» ወይስ «የመረጥከኝ»?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ቁሓ የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላይ የተነገረው በትግርኛ ነው። አዲስ አበባ የሚኖሩ አባሎቻችን ከልጆቻቸው ጋር እንዲያነቡት በአማርኛ ጽፈነዋል።)



የቁጠባው ገንዘብ ተቆጥሮ፣ መዝገቡ ተዘግቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀርብ ድረስ ይህችን ጊዜ ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን። ዛሬ የምንናገረው ስለ ብድር አመላለስ ወይም ስለ ዶሮ እርባታ አይደለም። ስለ አንድ ዘፈን ነው። «ለዘፈን ደግሞ ንግግር ምን ያስፈልገዋል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ነገር ግን ይህ ዘፈን ከመካከላችን አንዲት እናት ከማኅበሩ እንዲቀሩ ምክንያት ሆኗል። ለብድር ያልተጣላን ሴቶች ለሁለት መስመር ግጥም ተኳርፈናል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባናል ብለን አሰብን።

ነገሩ የተጀመረው በርበሬ ስንቀነጥስ ነው። ከእኛ አንዷ በገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ባሏን ካጣች ዓመታት አልፈዋል፤ ሁለት ልጆችም ታሳድጋለች። የዚያን ቀን ዛላ እየቀነጠሰች በለሆሳስ ታንጎራጉር ነበር። «የማን ዘፈን ነው?» ብለን ጠየቅናት። ሳቀችና «የራሴ» አለች። ደግማ እንድትለው ለመንናት። ግጥሙ በትግርኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ስንመልሰው እንዲህ ይላል፦

አንተ ነህ ያየኸኝ ወይ እኔ ያየሁህ፣
ከገበያው መሃል በዓይኔ የመረጥኩህ።

በርበሬው ቀርቶ ሳቅና እልልታ ሆነ። ሰውየው ማን እንደሆነ አልጠየቅናትም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቅናትም። ዘፈኑን ግን ወደድነው። ለበዓል ቀን በማኅበራችን ግቢ ብንዘፍነውስ የሚል ሐሳብ መጣ፤ በስብሰባም ቀረበ።

በስብሰባው ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ተነሡ። አንደኛው «ሴት ልጅ ወንድን መረጥኩህ ብላ በአደባባይ አትዘፍንም፤ ነውር ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «እሷ ባሏን የቀበረች ሴት ናት፤ ሰው ምን ይላል?» የሚል ነው። ሦስተኛው «ሐዘናችን ገና አልወጣም፤ ስንቱ ቤት ጥቁር ለብሶ እያለ እንዴት የፍቅር ዘፈን እንዘፍናለን?» የሚል ነው። ሦስቱንም የተናገሩት የምንወዳቸው ሰዎች ናቸው፤ አንዱንም በቀላሉ አንጥለውም።

በመጨረሻ አንዲት እህት ለማስታረቅ ብላ ሐሳብ አመጣች። «አንድ ቃል ብንለውጥስ? ‹የመረጥኩህ› የሚለውን ‹የመረጥከኝ› ብንለው ዜማውም አይሰበርም፣ ቤቱም ይመታል፣ ሰውም አይናገረንም» አለች። እውነቷን ነው፤ ከላይ «ወይ አንተ ያየኸኝ»፣ ከታች «በዓይንህ የመረጥከኝ» ቢባል ቤቱ ይመታል። በትግርኛውም መረጽኩኻ የሚለው መረጽካኒ ይሆናል። ብዙዎቻችን ጭንቅላታችንን ነቀነቅን። ባለ ግጥሟ ግን ዝም ብላ ቆየችና «እንዲያ ከሆነ ሌላ ሰው ይዝፈነው። እኔ አልተመረጥኩም፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለች።

የዛሬው ንግግራችን ስለዚያች አንዲት ቃል ነው።

እስቲ የሰማናቸውን የፍቅር ዘፈኖች እናስታውስ። በብዙዎቹ ውስጥ ሴት የምትታይ ናት። ዓይኗ፣ አንገቷ፣ ጥርሷ፣ ፀጉሯ ይቆጠራል። የሚያየው ሌላ ነው፤ የሚመርጠውም ሌላ ነው። ሴቷ ራሷ ስትዘፍን ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትዘፍነው ስለ ሄደ ሰው ነው፤ ናፍቆት፣ ትዝታ፣ «ለምን ተውከኝ» ነው። እሱም መልካም ነው፤ ናፍቆት የሌለው ሰው የለም። ነገር ግን ከናፍቆቱ በፊት የሚመጣ አንድ ቀን አለ። ሰውን ለመጀመሪያ ጊዜ አይተን ልባችን ደስ ያለበት ቀን ማለታችን ነው። ስለዚያ ቀን ወንዶች ብዙ ዘፍነዋል፤ እኛ ግን አናወራም። በዚያ ቀን እኛም ዓይን ነበረን። ቁሓ ለዓይን ሕክምና ከሩቅ የሚመጣባት ከተማ ናት፤ ሆስፒታላችን የታወቀው በዚሁ ነው። የሰውን ሁሉ ዓይን የምታበራ ከተማ የራሷ ሴቶች አየን ሲሉ ልትደነግጥ አይገባም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ተቃውሞ እንመለስ። ነውር ነው ወይ? አዲስ ነገርስ ነው ወይ?

አሸንዳን እንመልከት። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የኛ ሴቶች ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ የአሸንዳውን ቄጠማ በወገባቸው አስረው ይወጣሉ። ከበሮውን የሚመቱት ሴቶች ናቸው። መንገዱን የሚይዙት፣ ወንዱን አስቁመው የሚያሞግሱት፣ ካልሰጠም በግጥም የሚወጉት ሴቶች ናቸው። በአክሱም ዓይኒ ዋሪ፣ በሰቆጣ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል፤ ስሙ ይለያይ እንጂ ሴቲቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምትወጣበት ቀን ነው። ከእናቶቻችን ስንቶቹ የወደፊት ባላቸውን ያዩት በአሸንዳ ነበር? እዚህ የተቀመጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስታፍሩም እያየናችሁ ነው። ቤተሰብ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዓይን የራሱን ሽማግሌ ልኮ ነበር። ስለዚህ ሴት ልጅ ማየቷና መምረጧ አዲስ አይደለም። በዓመት ጥቂት ቀን ተፈቅዶ የኖረ ነገር ነው። የኛ ጥያቄ በቀሪዎቹ ቀናት ለምን ነውር ሆነ የሚል ነው።

ከአሸንዳ ወጥተን ወደ መድረክ ስንሄድ ዋጋ የከፈሉ ሴቶችን እናገኛለን። አስናቀች ወርቁ ክራር ደርዳሪ፣ ድምፃዊትና ተዋናይ ነበረች። የሴት ገጸ ባሕርይን ወንዶች ይጫወቱ በነበረበት ዘመን መድረክ ላይ ከወጡ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት፤ በብሔራዊ ቴአትርም ለረጅም ዓመታት ሠርታለች። በገናው የዳዊት መሣሪያ ተብሎ ሲከበር ክራሩ የፍቅርና የጨዋታ መሣሪያ ተብሎ ይናቅ ነበር። አዝማሪ መባልም ስድብ ነበር። እሷ ግን ያንን ክራር ይዛ፣ አጊጣ፣ ቀና ብላ ተቀምጣ ስለ ፍቅር ዘፈነች። በ2004 ዓ.ም መስከረም ወር ስታርፍ አገር አከበራት። ኢትዮጲክስ በሚባለው የሙዚቃ ስብስብ 16ኛው ቅጽ የሷ ብቻ ነው። በትግርኛም ፀሐይቱ በራኺ አለች። አስመራ ውስጥ በስዋ ቤቶች ክራር እየመታች ጀመረች፤ ኋላም በስደት ኔዘርላንድስ ኖረች። ሁለቱም ሴቶች መሣሪያውን ራሳቸው ይዘዋል። ዘፈኑን ማንም ሊያስቆማቸው ቢፈልግ ክራሩ በእጃቸው ነበር።

ከነሱ ቀጥሎ ካሴቱ መጣ። ብዙነሽ በቀለ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ዘፍና ስሟ ገነነ። ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገችው አስቴር አወቀ በአዲስ አበባ ክበቦች ጀምራ ወደ አሜሪካ ሄደች፤ በ1989 እ.ኤ.አ በስሟ የተጠራው አልበም በውጭ አገር ታትሞ ዓለም ሰማት። አስቴር ስትዘፍን ስትለምን እንኳ ድምፅዋ አያጎነብስም። ይህን ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ ሠርግ ቤት ስንት ጊዜ ጨፍረንባታል።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። በካሴቱ ሽፋን ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። በሴቶች ካሴት ላይ እንኳ ከሦስቱም አጠገብ የሚጻፈው ስም አብዛኛውን ጊዜ የወንድ ነው። ይህ ወንዶቹን መውቀሳችን አይደለም፤ ለሴት ድምፅ የሚያምር ግጥም የጻፉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሴት ምን እንደሚሰማት ወንድ ሲጽፍ እሱ ሊሰማ የሚፈልገውን ይጽፍላት ይሆናል። በዚህ በኩል ዓለምፀሐይ ወዳጆን ማንሳት አለብን። ገጣሚ፣ ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት ናት፤ ለሴቶችም ለወንዶችም ድምፃውያን እጅግ ብዙ የዘፈን ግጥሞች ሰጥታለች። ስንቱ ወንድ መድረክ ላይ ቆሞ ሴት የጻፈችለትን ቃል ዘፍኗል! ስለዚህ እስክሪብቶው በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

ከውጭ አገርም አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ1965 እ.ኤ.አ ኦቲስ ሬዲንግ የተባለ አሜሪካዊ «አክብሮት» የሚል ትርጉም ያለው ዘፈን ጽፎ ዘፈነ። ደክሞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ባል ከሚስቱ ክብር ሲጠይቅ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1967 እ.ኤ.አ አሬታ ፍራንክሊን ያንኑ ዘፈን ወስዳ በሴት አፍ ዘፈነችው። ቃሉን ፊደል በፊደል እየቆጠረች ጠራችው፤ ከኋላ የሚቀበሏትም የገዛ እህቶቿ ነበሩ። ዘፈኑ ያው ዘፈን ነበር፤ ተናጋሪዋ ግን ተለወጠች። ዛሬ ያንን ዘፈን ሰው የሚያስታውሰው በሷ ነው፤ የሴቶችና የጥቁሮች የመብት ጥያቄ መዝሙር እስከ መሆን ደርሷል። «የመረጥከኝ» እና «የመረጥኩህ» መካከል ያለው ርቀትም እንዲሁ ነው። በፊደል ሲታይ ትንሽ ነው፤ በነገሩ ግን ሰውን ከተደራጊነት ወደ አድራጊነት ያሻግራል።

አሁን ደግሞ ዘፈኑን እንዴት እንደሠራነው እንንገራችሁ። ሌላ ማኅበርም ሊሞክረው ይችላል፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

መጀመሪያ ዜማው ነበር። ባለ ግጥሟ ስታንጎራጉረው ረጋ ያለ ነበር። በዝግታ ስንዘፍነው ያው ቃል ልመና መሰለ፤ «መረጥኩህ» ስንል «አዘንኩልህ» የምንል ይመስል ነበር። ከዚያ አንዷ ከበሮውን አንስታ በጓይላ ምት መታችው። ወዲያው ትከሻችን ተነሣ፤ ቃሉም ቀና አለ። ከዚህ የተማርነው የዘፈን ትርጉም በቃሉ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ግማሹ በምቱ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ግጥሙ ነው። በጣታችን እየቆጠርን ሠራነው። በአማርኛ የወል ቤት የሚባለው አገጣጠም እያንዳንዱን መስመር ለሁለት ከፍሎ በየክፍሉ ስድስት ስድስት ድምፅ ያስቀምጣል፤ የአማርኛውን ትርጉም በዚያ ልክ ሰፋነው። ከዚያ የማይሆኑትን ቃላት ለቀምን። መጀመሪያ የጻፍናቸው ስንኞች «ሞትኩልህ»፣ «ገደልከኝ»፣ «እባክህ» ሞልቶባቸው ነበር። ከሰማናቸው ዘፈኖች ሳናውቀው የወሰድናቸው ናቸው። ባለ ግጥሟ «እኔ ሁለት ልጅ አለኝ፤ ለማንም አልሞትም» አለች፤ ሳቅንና ሰረዝናቸው። በምትካቸው የምናውቀውን አስገባን፦ ገበያውን፣ ሚዛኑን፣ ጆንያውን፣ ወደ መቀሌ የሚወስደውን መንገድ። ሴትዮዋ በዘፈኑ ውስጥ ሚዛን ይዛ የቆመች ናት። መርጣ መግዛትን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ሰምና ወርቅ አይሻልም ወይ ያላችሁም ነበራችሁ። እኛም አስበንበታል። የድሮ እናቶች ሐሳባቸውን በሰም ሸፍነው የተናገሩት ብልህ ስለነበሩ ብቻ ሳይሆን በግልጽ መናገር ስለሚያስቀጣቸውም ጭምር ነው። ሰምና ወርቅ ጥበብ ነውና አንጥለውም። ግን ወርቁ አንዳንዴ ሳይሸፈን ፀሐይ ቢያየው አይዝግም።

ሦስተኛው መቀበል ነው። አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቻችን እንቀበላለን። የቅንብሩ ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው። አበጋዝ ክብረወርቅ ሺኦታና ኤልያስ መልካን የመሰሉ አቀናባሪዎች በስቱዲዮ በብዙ መሣሪያ የሠሩትን እኛ በአንድ ከበሮና በጭብጨባ ሞከርነው። አንዲት ሴት ብቻዋን «መረጥኩህ» ብትል ወሬው በማግስቱ ገበያውን ያዳርሰዋል። በዙሪያዋ ያሉ ሴቶች ሁሉ «አዎ፣ መርጣለች» ብለው ከተቀበሉ ግን ማን ምን ይላል? ነውሩን የሚሸከመው ብቸኝነት ነው። ብድሩን በቡድን ዋስትና እንደምንወስደው ቃሉንም በቡድን ዋስትና ወሰድነው። ዛሬ እዚህ ቆመን «እኛ» እያልን የምንናገረውም ለዚሁ ነው።

በመጨረሻ አዘጋጉ አከራከረን። ሰውየው ይመልስ ወይስ አይመልስ? ወንድ ልጅ ጋብዘን መልስ እንዲዘፍን ያሰብንም ነበርን። ኋላ ተውነው። በዘፈኑ ውስጥ ሰውየው መልስ አይሰጥም። እሺ ሊል ይችላል፤ እንቢም ሊል ይችላል፤ እሱም መብቱ ነው። በራሷ የምትተማመን ሴት እንቢታን ሰምታ ሚዛኗን ይዛ ወደ ሽንኩርቷ መመለስ የምትችል ናት። ደግሞም ወንዶቹ ይህን ይስሙልን፦ መረጥኩህ ማለት በፈለግህ ሰዓት በሬን ክፈት ማለት አይደለም። የመረጠ አፍ «በቃ» ማለትንም ያውቃል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበዱ ናቸው፤ ለዚህ ነው ለመጨረሻ ያቆየናቸው።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም ያየነውን እዚህ ያለን ሁላችን እናውቀዋለን። ባንክ ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ጠፍቶ፣ ቁጠባችን በወረቀት ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። የሞቱብንን ቆጥረን አንጨርስም። በነዚያ ዓመታት አሸንዳም እንደ ቀድሞው አልተከበረም። በሴቶች ላይ የደረሰውንም እናውቃለን፤ እዚህ አንዘረዝረውም፤ ከመካከላችን ያለፈችበት አለችና። ይህን ሁሉ ይዘን ነው ስለ ዘፈን የምንናገረው።

«ሐዘናችን አልወጣም» ላሉን እናቶች መልሳችን «ልክ ናችሁ» ነው። ሐዘን በዘፈን አይወጣም። ለቅሶ ያለበት ጎረቤት እያለ ከበሮ አንመታም፤ ይህንን በደንባችን ላይ ጽፈነዋል። የመጀመሪያውን ቀንም በዚሁ ምክንያት አስተላልፈነዋል። ነገር ግን አንድ ነገር እንድታስቡልን እንለምናለን። በዚያ ጊዜ በእኛ ላይ የሆነው ሁሉ ሳንጠየቅ የሆነ ነው። ከቤታችን የወጣነው ሳንመርጥ ነው፤ የተራብነው ሳንመርጥ ነው፤ ባሎቻችንንና ልጆቻችንን ያጣነው ሳንመርጥ ነው። አሁን ከመካከላችን አንዲቱ ተነሥታ «እኔ መረጥኩ» ስትል ሙታንን የረሳች አይምሰለን። ከተወሰደብን ነገር አንዷን ቁራጭ መልሳ ያነሣች ናት። እሷም ራሷ በዚያው ስብሰባ ላይ «ባሌን በዓይኔ መርጬ ነው ያገባሁት። ዓይኔን አብሬው አልቀበርኩትም» ብላን ነበር። ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።

ምን እንደሆነ ለማታውቁት ለሩቅ አባሎቻችን እንንገራችሁ። ዘፈኑን ባለፈው ወር በግቢያችን ዘፈንነው። ቃሉ አልተለወጠም። አንዳንድ ጎረቤቶች አጥር ላይ ቆመው ሰሙ፤ አንዳንዶቹ አጨበጨቡ፤ አንዳንዶቹ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ሰውየው ሰምቶ እንደሆነ አናውቅም። ባለ ግጥሟ በማግስቱ እንደ ወትሮው ሽንኩርቷን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር።

ከሁሉም በላይ የተቃወሙን አደይ በዕለቱ አልመጡም። የማኅበሩ ከበሮ የሚቀመጠው ግን እሳቸው ቤት ነው። ጠዋት ከበሮውን ልንጠይቅ ፈርተን ስንማከር የልጅ ልጃቸው ተሸክሞት መጣ። ቆዳው ፀሐይ ላይ ተወጥሮ ነበር። ሌላ መልእክት አልነበረውም። ከዚያ ወዲህም ስብሰባ ላይ አላየናቸውም።

አደይ፣ ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ የልጅ ልጅዎ እንደሚያነብልዎ እናውቃለን። ሐሳብዎን እንዲለውጡ አይደለም የምንለምንዎ። ተቃውሞዎን ይዘው ይምጡ። ማኅበራችን የተመሠረተው አንድ ዓይነት ሐሳብ ስላለን አይደለም፤ አንዳችን ያለ ሌላችን መቆም ስለማንችል ነው። ቦታዎ ግድግዳው ሥር እንዳለ ነው፤ በመዝገቡም የርስዎ መስመር ክፍት ነው። ከበሮውን ደግሞ እንደርስዎ የሚመታው የለም፤ የኛ ምት እንደሚጣደፍ ከቤትዎ ሆነው ሳይሰሙት አልቀሩም።

ለሌሎቻችሁም አንድ የቤት ሥራ አለን። በሚቀጥለው ወር ስትመጡ እያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት መስመር ይዛችሁ ኑ። ስለ ፍቅር ብቻ መሆን የለበትም፤ ስለ ሥራችሁ፣ ስለ ልጃችሁ፣ ስለ መሬታችሁ ይሁን። አንድ ሕግ ብቻ አለው፦ በግጥሙ ውስጥ የምታደርጊው አንቺ ሁኚ። መጻፍ የማትችሉ በቃል ያዙት፤ እኛ እንጽፈዋለን።

ቶናው ደርሷል።